«ባለ ስንት ሻማ ነው?»፦ ሃሎጅን ከቤት ወጥቶ ኤል.ኢ.ዲ. የተተካበት ታሪክ

በአገራችን ሱቆች አምፖል ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ሻማ ነው?» ብሎ ነው። ባለ 40 ሻማ፣ ባለ 60 ሻማ፣ ባለ 100 ሻማ እየተባለ ሲሸጥና ሲገዛ ኖሯል። በአምፖሉ ላይ የታተመው ቍጥር ግን የሻማ ሳይሆን የዋት ቍጥር ነው። ሻማ የብርሃን መለኪያ ነው፤ ዋት ደግሞ አምፖሉ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኀይል መለኪያ ነው። አንደኛው አምፖሉ የሚሰጠውን፣ ሁለተኛው የሚበላውን ይናገራል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ለብዙ ዘመን በአንድ ስም ሲጠሩ በዚህ የተጐዳ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን አምፖሉ ራሱ ስለ ተለወጠ ስሙና ነገሩ ተለያይተዋል፤ በመለያየታቸውም የሚጐዳው ገዥው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሃሎጅን የሚባለው አምፖል እንዴት ወደ መኖሪያ ቤት እንደ ገባ፣ በምን ምክንያት እንደ ወጣና ኤል.ኢ.ዲ. በሚባለው እንደ ተተካ በአጭሩ መግለጽ ነው። ለውጡ በይበልጥ የታየው በአውሮጳና በአሜሪካ ቤቶች ስለ ሆነ ታሪኩን የምንከተለው በዚያው ነው፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን ተመልሰን ነገሩ ለእኛ ያለውን ትርጕም እንመለከታለን። ጸሐፊው የሚያቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ የቤት መብራት ለውጥ የፈጠራ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የመለኪያም ታሪክ ነው። አዲስ መብራት ወደ ቤት ሲገባ የቀድሞው መለኪያ አብሮ ካልተለወጠ ባለቤቱ የሚገዛውን ሳያውቅ ይገዛል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

፩. ሻማና ዋት አብረው የሄዱበት ዘመን

በ1870ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን፣ በአሜሪካ ቶማስ ኤዲሰን ለአገልግሎት የሚውል አምፖል ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ አምፖሎች ክር ከከሰለ ነገር የተሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ከሻማ፣ ከዘይት መብራትና ከጋዝ መብራት ጋር እያወዳደረ ስለሚገዛ አምፖሉም የሚሸጠው በሻማ ልክ ነበር። ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 32 ሻማ ይባል ነበር፤ ቍጥሩም በእውነት የብርሃን ቍጥር ነበር። ለአንድ ሻማ ብርሃን 3 ወይም 4 ዋት ያህል ይወስድ ስለ ነበር ባለ 16 ሻማው አምፖል 50 ወይም 60 ዋት ያህል ይበላ ነበር።

ከዚህ በኋላ የክሩ ዓይነት ተለወጠ። በ1904 በቡዳፔስት ሻንዶር ዩስትና ፍራንዮ ሃናማን የተንግስተን ክር አምፖል አወጡ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ዊልያም ኩሊጅ ተንግስተንን እንደ ሽቦ የሚሳብ አደረጉት፤ በ1913 ደግሞ ኧርቪንግ ላንግሙር አየር አልባ የነበረውን አምፖል በጋዝ ሞሉት። በዚህ ሁሉ የተነሣ የቤት አምፖል ከአንድ ዋት 12 ሉመን ያህል ብርሃን ለመስጠት በቃ።

ሉመን ማለት ከመብራቱ ወደ ዙሪያው ሁሉ የሚወጣው የብርሃን መጠን የሚለካበት ነው። የአንድ ሻማ ኀይል ያለው መብራት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያበራ 12 ተኩል ሉመን ያህል ይሰጣል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድ ዋት 12 ሉመን ያህል ከሰጠና አንድ ሻማም 12 ተኩል ሉመን ያህል ከሆነ፣ ዋትና ሻማ በቍጥር ሊገጣጠሙ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር ማለት ነው። 700 ሉመን ያህል የሚሰጠው ባለ 60 ዋት አምፖል በሻማ ሲለካ 56 ያህል ይሆናል። ስለዚህ የገበያችን ሰው «ባለ 60 ሻማ» ማለቱ ስሕተት አልነበረም ለማለት ይቻላል። መለኪያው ሌላ ሆኖ ሳለ ቍጥሩ እውነት ነበር። ይህ መገጣጠም ግን ከተፈጥሮ ሕግ የመጣ ሳይሆን የተንግስተን ክር ባሕርይ ያመጣው አጋጣሚ ነበር።

፪. ሃሎጅን እንዴት ተነሣ

የተንግስተን ክር አምፖል አንድ የታወቀ ጕድለት ነበረው። ክሩ እጅግ ስለሚግል ተንግስተኑ ቀስ በቀስ ይተንና በብርጭቆው ላይ እንደ ጥላሸት ይቀመጣል። ብርጭቆው እየጠቈረ፣ ክሩም እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይበጠሳል። ብርጭቆው ትንሽ በሆነ መጠን ደግሞ የሚጠቍረው ቶሎ ነው።

በ1950ዎቹ ክሊቭላንድ አጠገብ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ የመብራት ሥራ ክፍል ኤልመር ፍሪድሪክና ኤሜት ዋይሊ ለዚህ ጕድለት መፍትሔ አገኙ። በትንሽ የኳርትዝ ብልቃጥ ውስጥ ከተንግስተኑ ክር ጋር ጥቂት አዮዲን ጨመሩ። አዮዲን ሃሎጅን ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ የአምፖሉም ስም የመጣው ከዚህ ነው። ከክሩ የተነነው ተንግስተን ወደ ግድግዳው ሲቃረብ ከአዮዲኑ ጋር ይጣመራል፤ ግድግዳው በጣም የጋለ ስለ ሆነም በላዩ ሳይቀመጥ በጋዙ ውስጥ ይዞራል፤ ወደ ክሩ ሲቀርብ በታላቁ ሙቀት ምክንያት ይለያይና ተንግስተኑ ወደ ክሩ ይመለሳል። የፈጠራቸው መብት የተሰጠው በ1959 ነበር።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ግልጽ ነው። ብርጭቆው ስለማይጠቍር አምፖሉን ከጣት ያነሰ አድርጎ ለመሥራት ይቻላል፤ ክሩን በይበልጥ ለማጋል ስለሚቻል ብርሃኑ የነጣ ይሆናል፤ ዕድሜውም ከተራው አምፖል 1,000 ሰዓት ወደ 2,000 ሰዓት ያህል ያድጋል። ዳሩ ግን ሃሎጅን የቀድሞው አምፖል ልጅ እንጂ አዲስ ዘር አይደለም። እርሱም እንደ አባቱ ክር እያጋለ የሚያበራ ነው፤ ከሚበላው ኀይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከአንድ ዋት የሚሰጠውም ከ15 እስከ 20 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ሲበራ ስለሚግል መንካት አይቻልም፤ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝም ቢሆን ኳርትዙን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የጣት ቅባት ከቀረበት ያ ቦታ በሙቀት ይበላሻል።

ሃሎጅን በመጀመሪያ ያገለገለው በአውሮፕላን ክንፍ ላይ፣ በትልልቅ የውጭ መብራቶች፣ በመኪናና በፎቶግራፍ ማሳያ መሣሪያ ነበር። ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በኋላ ነው። ለፎቶግራፍ ማሳያ የተሠራችው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጽዋ መሰል መስተዋት ውስጥ የተቀመጠችው አምፖል በ12 ቮልት የምትሠራ ነበረች። እርስዋም ከሱቅ መስኮት ወደ ወጥ ቤትና ወደ ሳሎን ኮርኒስ ተሻገረች። ቈይቶም ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ በ230 ቮልት የምትሠራው እኅትዋ ጂ.ዩ.10 መጣች።

አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ቀድሞ በወጥ ቤት ኮርኒስ መካከል አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ይሰቀል ነበር እንበል። በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በዓመት 146 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ትንሽዋ ሃሎጅን ግን ብርሃንዋን ወደ አንድ ቦታ የምትወረውር ስለ ሆነች አንዷ ብቻ ክፍሉን አትሞላም፤ ስለዚህ ስድስት ባለ 50 ዋት ይተከላሉ። ይህም 300 ዋት ሲሆን በዓመት 438 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። በዋት ሲታሰብ የተሻለው አምፖል የቤቱን ወጪ ሦስት እጥፍ አደረገው ማለት ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል በጻፉት መጽሐፍ፣ መሣሪያ ቆጣቢ ሲሆን ጠቅላላው ፍጆታ ሊጨምር እንደሚችል አስረድተው ነበር። የሃሎጅን ታሪክ ለዚህ አሳብ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከወጪው ሌላ አደጋም ነበረ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአሜሪካ ቤቶችና በተማሪዎች ማደሪያ ባለ 300 እና ባለ 500 ዋት ሃሎጅን የሚይዝ፣ ብርሃኑን ወደ ኮርኒስ የሚልክ ረጅም የወለል መብራት ተስፋፍቶ ነበር። መጋረጃ ቢነካው ወይም ቢወድቅ እሳት ያስነሣ ነበር። በጥር 1997 የታወቁት የጃዝ ሙዚቀኛ ሊዮኔል ሃምፕተን በኒው ዮርክ የነበራቸው መኖሪያ በእንዲህ ያለ መብራት ምክንያት ተቃጠለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ከአምራቾች ጋር ሆኖ 40 ሚሊዮን ለሚያህሉ እንደዚህ ላሉ መብራቶች የሽቦ መከለያ እንዲታደል አደረገ፤ በርካታ ኮሌጆችም ይህን መብራት ከተማሪዎች ማደሪያ ከለከሉ።

፫. የኤል.ኢ.ዲ. ረጅም መንገድ

የሃሎጅን መብት በተሰጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1962፣ በዚያው ኩባንያ በሌላ ቤተ ሙከራ፣ በሲራኩስ ከተማ፣ ኒክ ሆሎኒያክ በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤል.ኢ.ዲ. ሠሩ። ከእርሳቸው በፊት በ1907 እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ አንድ ማዕድን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሲያበራ አይተው ነበር፤ በ1920ዎቹም ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ ጕዳዩን መርምረዋል።

የኤል.ኢ.ዲ. አሠራር ከክር አምፖል ፈጽሞ የተለየ ነው። የሚግል ክር የለውም። ሰሚኮንዳክተር ከሚባል፣ ኤሌክትሪክን እንደ ሁኔታው ከሚያሳልፍና ከሚከለክል ነገር የተሠሩ ሁለት ንብርብሮች አሉት። ኤሌክትሪክ በመገናኛቸው ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ኀይል ይወርዳሉ፤ ልዩነቱም ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የንብርብሩ ዓይነት ነው።

ሁለቱ ፈጠራዎች እንዲህ በአንድ ዘመን ከተወለዱ፣ ሃሎጅን ቤታችንን ሲይዝ ኤል.ኢ.ዲ. ለምን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀረ? መልሱ ቀለም ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብቻ የሚሰጥ መብራት የራዲዮንና የሒሳብ መሣሪያን ምልክት ከማብራት አላለፈም። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊ ያስፈልግ ነበር። ለሰማያዊው የሚሆነው ጋሊየም ናይትራይድ ንጹሕ ሆኖ ለመሠራት አስቸጋሪ ስለ ነበር ብዙ ተመራማሪዎች ተዉት። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ፣ በቶኩሺማ ደግሞ የኒቺያ ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩት ሹጂ ናካሙራ ሥራውን አልተዉም። በ1993 ደማቁ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ተገለጸ። በ1996 ሰማያዊው በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ የሁለቱ ብርሃን ሲቀላቀል ነጭ ብርሃን ተገኘ። ሦስቱም ጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የምልክት መብራት የነበረው የቤት መብራት ሆነ።

በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ያዘጋጀውን ውድድር ፊሊፕስ ኩባንያ አሸነፈ፤ ሽልማቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተጠየቀው ከ10 ዋት ባነሰ ኀይል ባለ 60 ዋቱን የክር አምፖል የሚተካ ኤል.ኢ.ዲ. ነበር፤ አሸናፊው አምፖልም 900 ሉመን አልፏል። አዲሱ መብራት ገና ሲወለድ በአሮጌው ቍጥር መጠራቱን እናስተውል።

፬. ሕጉ

ፈጠራው ቢኖርም አሮጌው አምፖል በራሱ ፈቃድ ከቤት አልወጣም። ያስወጣው ሕግ ነው። በየካቲት 2007 አውስትራልያ የተራውን አምፖል ሽያጭ ለማስቀረት ማሰብዋን አስታወቀች። የአውሮጳ ኅብረት በመጋቢት 2009 ባወጣው ደንብ ባለ 100 ዋቱ ተራ አምፖል በዚያው ዓመት መስከረም፣ ባለ 75 ዋቱ በ2010፣ ባለ 60 ዋቱ በ2011፣ የቀሩት ትንንሾቹም በ2012 ወደ ገበያ እንዳይገቡ ተወሰነ።

ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። በ2010 በጀርመን አገር እገዳውን የተቃወሙ ሰዎች አሮጌውን አምፖል «ማሞቂያ» ብለው ለመሸጥ ሞክረው ነበር። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን አምፖሉ ከሚበላው ኀይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ቀልዱ እውነት ነበረበት።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ያልታሰበ መንገድ ይይዛል። የ2009 ደንብ ተራውን አምፖል ሲከለክል የተሻሻለውን ሃሎጅን ለጊዜው ፈቅዶ ነበር። ብዙ ሰዎች በዚያን ጊዜ በምትኩ የቀረበውን፣ በጠመዝማዛ ቱቦ የተሠራውን የፍሎረሰንት አምፖል አልወደዱትም ነበር፤ ቶሎ ብሎ አይደምቅም፣ በውስጡም ጥቂት ሜርኩሪ አለበት። ኤል.ኢ.ዲውም ገና ውድ ነበር። ስለዚህ በተራ አምፖል ቅርጽ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ባለ 28፣ ባለ 42፣ ባለ 70 ዋት ሃሎጅን ለአሮጌው ብርሃን ወዳጆች መጠጊያ ሆነ። እንግዲህ በአውሮጳ ቤቶች ኋላ በኤል.ኢ.ዲ. ከተተኩት ሃሎጅኖች ብዙዎቹ የቀድሞው ሕግ ራሱ ያስገባቸው ነበሩ።

መጠጊያውም አልጸና። ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልኩት ባለ 230 ቮልት ሃሎጅኖች ከመስከረም 2016 ጀምሮ ተከለከሉ። በተራ አምፖል ቅርጽ ያሉት በዚያው ዓመት እንዲቀሩ ታስቦ ሁለት ዓመት ከተራዘመ በኋላ በመስከረም 2018 ቀሩ፤ ትንንሾቹ ብልቃጦች ደግሞ በ2023 ተከተሉ። በአሜሪካም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከአንድ ዋት 45 ሉመን የማይሰጥ ተራ የቤት አምፖል እንዳይሸጥ የሚያዘው ደንብ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን ልክ የሚያሟላ ሃሎጅን ስለማይገኝ ስሙ ባይጠራም መከልከሉ ነው። በስቶክሆልም፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ለውጥ በየቤታቸው አይተውታል።

ከእገዳው ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ትእዛዝ ነው። ከመስከረም 2010 ጀምሮ በአውሮጳ በአምፖል ማሸጊያ ላይ ሉመኑ ከዋቱ ይልቅ ጐልቶ እንዲታተም ታዘዘ፤ በአሜሪካም ከ2012 ጀምሮ ሉመኑ በማሸጊያው ፊት ለፊት እንዲጻፍ ተደረገ። ሕግ አውጪዎቹ አምፖሉን ብቻ ለውጦ መለኪያውን መተው እንደማይበቃ ተረድተው ነበር ማለት ነው።

፭. አዲሱ አምፖል በአሮጌው ቤት

አምፖል ብቻውን አይኖርም፤ በቤት ውስጥ ይኖራል። ከኤዲሰን ዘመን የመጣው ተጠምዝዞ የሚገባው የአምፖል መያዣ፣ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኤል.ኢ.ዲ. በመያዣው ልክ፣ በአምፖሉ ቅርጽ፣ በብርሃኑም ቀለም አሮጌውን መምሰል ነበረበት። ከዚህም የተነሣ ሃሎጅንን በኤል.ኢ.ዲ. ሲተኩ ብዙ ሰዎች ያላሰቡት ችግር ገጠማቸው።

አንደኛው የትራንስፎርመሩ ነገር ነው። ለ12 ቮልቱ ሃሎጅን የተሠራው ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ 20 ዋት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጭነት ይጠብቃል። ባለ 5 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ብቻውን ሲገጠምለት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወይም ከነጭራሹ አይበራም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን የትራንስፎርመሩ አለመስማማት ነው፤ መፍትሔውም ትራንስፎርመሩን መለወጥ ነው። የብርሃን ማሳነሻ መሣሪያም እንደዚሁ ለትልቅ ዋት የተሠራ ስለ ሆነ ከኤል.ኢ.ዲ. ጋር የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሃሎጅን ሙቀቱን አብዛኛውን ከብርሃኑ ጋር ወደ ውጭ ይረጨዋል። ኤል.ኢ.ዲ. ጥቂት ቢሞቅም ሙቀቱ የሚሄደው ወደ ኋላ፣ ወደ መያዣው ነው። አየር በማያገኝበት ዝግ ጕልላት ውስጥ ከገባ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክ ክፍል ቶሎ ይጐዳል፤ በማሸጊያው የተጻፈለትን 15,000 ወይም 25,000 ሰዓት ሳይደርስ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተውም ብርሃን ሰጪው ቅንጣት ሳይሆን ይህ ክፍል ነው። በምድጃ ውስጥ ያለው ትንሽ መብራት እስከ ዛሬ የክር ዓይነት ሆኖ የቀረውም ኤል.ኢ.ዲ. ያንን ሙቀት ስለማይችል ነው።

ሦስተኛው ቀለም ነው። የሃሎጅን ብርሃን ሞቅ ያለ ቢጫማ ነጭ ነው፤ በኬልቪን መለኪያ ከ2,800 እስከ 3,000 ይደርሳል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን ከ2,700 እስከ 6,500 ኬልቪን በየዓይነቱ ይሠራል። የሳሎኑን መልክ ለመጠበቅ የፈለገ ሰው 2,700 ወይም 3,000 የተጻፈበትን መምረጥ አለበት፤ 6,500 የተጻፈበት እንደ ቀትር ሰማይ የነጣ ነው።

ይህን ሁሉ ያሟላ ቤት የሚያገኘው ጥቅም ግን ትልቅ ነው። ቀደም ሲል የቈጠርናቸው ስድስቱ ባለ 50 ዋት ሃሎጅኖች በስድስት ባለ 5 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ቢተኩ በዓመት 438 የነበረው ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 44 ይወርዳል። ብርሃኑም አይጐድልም።

፮. በአገራችን

በኢትዮጵያ የቤት መብራት ታሪክ ሃሎጅን ትልቅ ቦታ የለውም። በብዛት የምናውቀው በግቢ በር፣ በሠርግ ድንኳንና በኳስ ሜዳ የሚተከለውን ፓውዛ ነው። በብዙው ፓውዛ ውስጥ የነበረው ረጅም ቀጭን ባለ 500 ዋት አምፖል የፍሪድሪክና የዋይሊ ፈጠራ ልጅ ነው። ዛሬ ከ100 ዋት በማይበልጥ የኤል.ኢ.ዲ. ፓውዛ ተመሳሳይ ብርሃን ማግኘት ይቻላል።

በመኖሪያ ቤታችን ግን ለውጡ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ2009 ገደማ የኤሌክትሪክ እጥረት በበረታበት ጊዜ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ኮርፖሬሽን ከደንበኞች ተራውን አምፖል እየተቀበለ ኀይል ቆጣቢ የሚባለውን የፍሎረሰንት አምፖል ሰጠ፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 350,000 ያህል ታደለ። ከከተማ ውጭ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ በክር አምፖል ሳያልፍ ከኵራዝ በቀጥታ በፀሐይ ወደሚሠራ ትንሽ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ተሸጋግሯል። አውሮጳ ሃሎጅንን ለማስወጣት የደከመችበትን መንገድ እኛ አልሄድንበትም።

ይሁን እንጂ የመለኪያው ችግር ከእኛ ዘንድ ይብሳል። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። 800 ሉመን ያህል የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ስንት ሻማ ነው? ለ12 ተኩል ሲካፈል 64 ሻማ ይሆናል። ገዥው ግን በልማዱ «ባለ 9 ሻማ» ቢለው የመኝታ ክፍል መብራት እንኳ አይመስለውም፤ ስለዚህ ሳያስፈልገው ባለ 18 ወይም ባለ 20 ዋቱን ይገዛል። በሌላ በኩል በደንብ ያልተሠራ ባለ 12 ዋት አምፖል በደንብ ከተሠራው ባለ 9 ዋት ያነሰ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። በዋት ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቍጥሩ ከፍ ያለውን መርጦ ብዙ ከፍሎ ጥቂት ብርሃን ይዞ ይሄዳል።

ይህ የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትና የሰላምም ነገር ነው። ብዙ ተከራይ በአንድ ቈጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የመብራት ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በአምፖል ቍጥርና በ«ሻማ» ልክ እየተገመተ ነው። አከራይዋ ተከራዩ ትልቅ አምፖል እንዳያበራ፣ ሌሊትም እንዳያመሽ ይከለክላሉ። ለማጥናት የሚያመሽ ተማሪ ይህን ክርክር ያውቀዋል። ባለ 60 ዋቱ አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 300 ዋት ሰዓት ይበላ ነበር፤ ባለ 9 ዋቱ ኤል.ኢ.ዲ. በዚያው ኀይል ከ33 ሰዓት በላይ ያበራል። አከራይና ተከራይ ይህን ቢያውቁ በአምፖል ምክንያት የሚነሣው ቅሬታ ከፊሉ በቀረ ነበር። ሒሳቡ ግን ዛሬም በአሮጌው መለኪያ የሚታሰብ ከሆነ፣ ቆጣቢ መብራት የገዛው ተከራይ ካልገዛው ጋር እኩል ይከፍላል፤ ቍጠባውም ለእርሱ አይደርሰውም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተጻፈው የምንረዳው፣ ሃሎጅንና ኤል.ኢ.ዲ. በሦስት ዓመት ልዩነት ከአንድ ኩባንያ ቢወጡም ወደ ቤት የገቡበት ጊዜ በብዙ ዓመት እንደ ተለያየ ነው። ይህንም የወሰነው የሊቃውንቱ ብልኅነት ብቻ አልነበረም፤ የሰማያዊው ብርሃን አስቸጋሪነት፣ የመንግሥታት ሕግና በየቤቱ አስቀድሞ የተተከለው መያዣና ትራንስፎርመርም ድርሻ ነበራቸው። ከሁሉም በላይ ዋትና ሻማ በአጋጣሚ የተገጣጠሙበት ረጅም ዘመን አልፎ ቍጥሩና ብርሃኑ ተለያይተዋል።

የአምፖል አስመጪዎችና ሻጮች ሉመኑን በአማርኛ በግልጽ ቢጽፉ፣ የደረጃ ጕዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም የተጻፈው ቍጥር እውነት መሆኑን ቢመረምሩ፣ ትምህርት ቤቶችም ተማሪን ዋትንና ሉመንን ለይቶ እንዲያውቅ ቢያስተምሩ መልካም ነው። እስከዚያው ድረስ አንባቢ አምፖል ሲገዛ ማሸጊያውን አገላብጦ ሉመኑን ይመልከት፤ በለመደው መለኪያ ማወቅ ቢፈልግ ሉመኑን ለ12 ተኩል ያካፍል። የሚያገኘው ቍጥር ከድሮ ጀምሮ «ባለ ስንት ሻማ ነው?» እያለ ሲጠይቀው የኖረው ነው።